ለሠርግ ርካሽ፣ ለለቅሶ ውድ

መርዶው የደረሰኝ ሌሊት ነው። ሊድስ የሚኖር ወዳጄ ደውሎ «ጋሼ አረፉ» አለኝ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ለሰሜን እንግሊዝ አበሻ ሁሉ አባት የነበሩ ሰው ናቸው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያደረግሁትን ነገር መናገር ያሳፍራል። አላለቀስሁም። የባቡር ትኬት ስንት እንደሆነ አየሁ።

ከሁለት ወር በፊት እዚያው ሊድስ ለሠርግ ሄጄ ነበር። ጥሪው ቀደም ብሎ ስለደረሰኝ ትኬቱን ተረጋግቼ ቆረጥሁ። ከለንደን ሊድስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መስኮት ሥር፣ ከነጠረጴዛው፣ ለኪሴ በማይከብድ ዋጋ ሄድሁ። አሁን ለነገ ጠዋት ስልኬ ላይ የመጣው ዋጋ ያን ጊዜ ከከፈልሁት አምስት እጥፍ ግድም ነው። ሀዲዱ ያው ነው። ባቡሩም ያው ነው። የምቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ያው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሠርግ ቀጠሮ ያለው መሆኑ፣ ሞት ደግሞ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

በዚህ አገር ባቡር መሳፈር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። የትኬቱን ነገር ግን እንደዚያ ሌሊት አጢኜው አላውቅም።

ዋርካው ሥር

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ኪንግስ ክሮስ ደረስሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የጣቢያው አዳራሽ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጭ የብረት ጣሪያ አለው፤ ከአንድ ግንድ ተነሥቶ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ከዋርካው ሥር ግን የተቀመጠ ሽማግሌ የለም። ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የጉዞ ሰሌዳውን ያያል። ባቡሩ ከስንተኛው መድረክ እንደሚነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ዝምታ ነው። ቁጥሩ ብቅ ሲል መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ሩጫ እንዳይባል ማንም አይሮጥም፣ እርምጃ እንዳይባል ደግሞ ሁሉም ይቸኩላል። የሚጋፋ የለም፤ የሚቀድም ግን ሞልቷል።

አንድ ጥግ ላይ ግድግዳ ውስጥ ግማሹ የገባ የሚመስል የሻንጣ ጋሪ አለ። የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ያነበቡ ልጆች «መድረክ ዘጠኝ ከሦስት ሩብ» ብለው ፎቶ የሚነሡበት ነው። በዚያ ሰዓት ልጆቹ አልነበሩም። የነበሩት ሥራቸውን ጨርሰው የሚመለሱ የሌሊት ጽዳት ሠራተኞችና ሥራቸውን ሊጀምሩ የሚሄዱ ባለ ከረባቶች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይተላለፋሉ፤ አይተያዩም።

አንድ ወንበር፣ ሦስት ዋጋ

ለአበሻ አንባቢ የዚህን አገር ትኬት ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ የለመድነው ታሪፍ የርቀት ነው፤ ከመርካቶ ቦሌ ይህን ያህል፣ ከአዲስ አበባ አዳማ ያን ያህል። በብሪታንያ ግን ርቀት ከዋጋው ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው። የባቡር ኩባንያዎቹ ማኅበር ራሱ በ2018 በሥርዓቱ ውስጥ 55 ሚሊዮን ያህል ዓይነት ዋጋ እንዳለ አምኗል። ያም ሆኖ ሁሉም በሦስት ትላልቅ ከረጢቶች ይገባሉ።

የመጀመሪያው «አድቫንስ» የሚባለው ነው። በአንድ በተወሰነ ባቡር ብቻ የሚያስኬድ፣ ቀድሞ የሚቆረጥ፣ ርካሽ ትኬት። ባቡሩ ካመለጠህ ትኬቱም አመለጠህ፤ ሐሳብህን ብትለውጥ ገንዘብህ አይመለስም። ሁለተኛው «ኦፍ ፒክ» ነው፤ ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ በፈለግኸው ባቡር ያስኬዳል። ሦስተኛው «ኤኒታይም» ነው፤ ስሙ እንደሚለው በማንኛውም ሰዓት ያስኬዳል፣ ለዚህም ያስከፍላል። ጠዋት ወደ ትላልቅ ከተሞች መሄድ ያለበት ሰው ባመዛኙ ከዚህ አያመልጥም።

ርካሹ ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከጉዞው 12 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የተወሰነ ቁጥር ያለው ትኬት በዝቅተኛው ዋጋ ይወጣል፤ እሱ ሲያልቅ ዋጋው አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ያም ሲያልቅ ሌላ ደረጃ። ነገሩ ጤፍ በአዝመራ ጊዜ ገዝቶ ጎተራ እንደ መክተት ነው። በሐምሌ ገበያ የወጣ ሰው የሐምሌን ዋጋ ይከፍላል።

ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠው ምክንያት ባዶ አይደለም። ባቡር ወንበሩ ባዶም ሆነ ሙሉ ያው ይሄዳል፤ ባዶውን ወንበር በርካሽ መሸጥ ከምንም ይሻላል፤ የጠዋቱን መጨናነቅ በዋጋ ማቅለልም ይቻላል። አውሮፕላንም የሚሸጠው እንዲሁ ነው። ግን አውሮፕላን ለብዙ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር ሲሆን፣ ባቡር ሥራ የሚገቡበት፣ የታመመ የሚጠይቁበት፣ ለቅሶ የሚደርሱበት ነው። ቀኑን ከሦስት ወር በፊት የሚያውቅ ሰው በርካሽ ይሄዳል። አለቃው የሥራ ፈረቃውን ሐሙስ ማታ የሚነግረው ሰው፣ እናቱ በድንገት ሆስፒታል የገባችበት ሰው፣ እንደ እኔ በሌሊት መርዶ የሰማ ሰው ውዱን ይከፍላል። የሚሸጠው ወንበር ከመሰለን ተሳስተናል፤ የሚሸጠው ቀን መቁጠሪያ ነው።

ሰዓቱን ያመጣው ባቡሩ ነው

ይህ አገር እንዲህ በቀጠሮ የሚኖር እንዲሆን ያደረገው ባቡሩ ራሱ መሆኑ ይገርመኛል። በመስከረም 1825 በስቶክተንና በዳርሊንግተን መካከል በእንፋሎት ባቡር ሰው መጓጓዝ ሲጀምር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሰዓት ነበረው። ብሪስቶል ከለንደን በስተምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው 10 ደቂቃ ዘግይታ ነው፤ የከተማዋም ሰዓት 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ነበር። በፈረስ ለሚሄድ ሰው ይህ ምኑም አይደለም። ባቡር ለሚጠብቅ ግን ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው የግሬት ዌስተርን ባቡር በ1840 በመስመሩ ሁሉ የለንደንን ሰዓት መጠቀም ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ1880 ደግሞ ነገሩ የአገር ሕግ ሆነ። ብሪስቶል ውስጥ በቀድሞው የእህል ገበያ ሕንፃ ላይ ዛሬም ሁለት የደቂቃ ቆጣሪ ያለው ሰዓት አለ፤ አንዱ የከተማዋን፣ ሌላው የለንደንን ጊዜ ያሳያል።

እኛ ቀኑን ከንጋት የምንቆጥር ሕዝቦች ለዚያ ሰዓት ትንሽ አዘኔታ ይኖረናል። እዚህ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ትኬታቸው ላይ ያለውን 7፡03 አሁንም በልባቸው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ3» ብለው ካልተረጎሙ እርግጠኛ የማይሆኑ እናቶች አውቃለሁ።

በዚያ ዘመን ስለ ዋጋም የተሰጠ አንድ ትልቅ መልስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ጣሪያ በሌለው ፉርጎ ከዕቃ ጋር ነበር የሚጫኑት። በ1841 በገና ዋዜማ ሶኒንግ በሚባል ቦታ የተናደ አፈር ሀዲዱን ዘግቶ ባቡር ሲጋጭበት፣ ክፍት ፉርጎ ውስጥ ከነበሩት ሠራተኞች 9ኙ ሞቱ። በ1844 በዊልያም ግላድስተን አነሣሽነት የወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ በየመስመሩ በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር ለድሃው እንዲያቀርቡ አስገደደ። ፉርጎው ጣሪያ ይኑረው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር አይነስ፤ ዋጋው በማይል ከ1 ፔኒ አይብለጥ። ሕዝቡም «የፓርላማ ባቡር» አለው። ቀርፋፋ ነበር፤ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ ለማንም በማይመች ሰዓት ነበር። ሆኖም ለለቅሶ የሚሄድ ሠራተኛ ስንት እንደሚከፍል ከቤቱ ሳይወጣ ያውቅ ነበር። ርቀቱን በ1 ፔኒ ማባዛት ብቻ ነው።

ጸጥታ ፉርጎ

ባቡሩ ተነሣ። ከወንበሬ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀይ ናት፤ ተይዟል ማለት ነው፤ አረንጓዴ ብትሆን ክፍት ነበር። የተያዘ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢገኝ እንግሊዛዊ አይጣላም። ቆሞ ትኬቱን ያያል፣ የወንበሩን ቁጥር ያያል፣ እንደገና ትኬቱን ያያል፣ በመጨረሻም ራሱ ያጠፋ ይመስል ይቅርታ ጠይቆ «ይህ የእኔ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። አለቀለት፤ ከዚህ በላይ ጠብ የለም።

የተሳፈርሁት ስልክ የማይነጋገሩበት ጸጥታ ፉርጎ ነው፤ በዚያ ጠዋት የሚሻለኝ እሱ ነበር። ለሠርጉ ስሄድ የተሳፈርሁት ግን ሌላ ፉርጎ ነበር። አብረውኝ የነበሩ ሁለት ሴቶች ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለው ይዘው ነበር፤ ፒተርቦሮ ሳንደርስ ሽታው ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከጋዜጣቸው ቀና ብለው ምን ዳቦ እንደሆነ ጠየቁ። ቆርሰን ሰጠናቸው። ወርደው እስኪሄዱ ሦስት ጊዜ አመሰገኑ።

ድምፅ ማጉያው ግን ጸጥታ አያውቅም። ከ2016 ጀምሮ በየባቡሩ የሚደጋገም አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ተናገሩ፣ እኛ እናስተካክለዋለን የሚል፣ በሦስት አጫጭር ሐረጎች የተጠረበ። የመጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል፣ በሳምንቱ ያሰለቻል፣ በዓመቱ ልጆች ይቀልዱበታል። ቀጥሎ የባቡሩ አስተናጋጅ ሻይና ብስኩት በጋሪ እየገፋ ይመጣል። ውጭው ጠፍጣፋ አረንጓዴ እርሻ ነው፤ በግ፣ አጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ እንደገና በግ።

ግራንታም ሳይደርሱ ስቶክ የሚባል ረጅም ተዳፋት አለ። በሐምሌ 1938 ማላርድ የምትባል የእንፋሎት ባቡር በዚያ ቁልቁለት በሰዓት 126 ማይል ወይም 203 ኪሎ ሜትር በመክነፍ እስካሁን ያልተሰበረ የእንፋሎት ክብረ ወሰን አስመዘገበች። የኛ ባቡር ያን ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ከዚያ ብዙም አያንስም፤ ሻዬ ግን ከኩባያው አልፈሰሰም። ይህን መካድ አይገባም። ዋጋው የሚያናድደኝን ያህል ጉዞው ደስ ይለኛል። ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ሊድስ መድረስ በመኪና የማይታሰብ ነው።

የእህቴ ልጅ ዕውቀት

ትኬት ውድ ሲሆንብን ሁላችንም የምንደውለው ለእህቴ ልጅ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም፤ ሥራው ሌላ ነው፣ ሰው የሚያውቀው ግን በትኬት ነው።

«አጎቴ፣ አንድ ትኬት አትግዛ፤ ሁለት ግዛ» አለኝ አንድ ቀን። የቀለደ መሰለኝ። እሱ ግን የምሩን ነበር። መንገዱን መሐል ላይ በሚገኝ አንድ ጣቢያ ለሁለት ከፍለህ ሁለት ትኬት ብትቆርጥ፣ ድምሩ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ሙሉ ትኬት ያንሳል። ከባቡሩ መውረድ የለም፤ ከወንበርህም አትነሣም። ባቡሩ በዚያ ጣቢያ መቆም አለበት እንጂ ነገሩ ፍጹም ሕጋዊ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋጋዎቹ ባለፉት አሥርት ዓመታት በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያዩ ጣቢያዎች፣ በተለያየ ምክንያት የተተመኑ ስለሆኑ አይገጣጠሙም። ያልተገጣጠመበትን ስፌት ያገኘ ሰው ይጠቀማል።

ሁለተኛው ምክሩ የቅናሽ ካርድ ነው። በዓመት 35 ፓውንድ ከፍለህ ከአብዛኛው ትኬት ላይ ሲሶውን ታስቀንሳለህ። ከ16 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች አለ፤ 60 ለሞላቸው አለ፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ አለ፤ ሁልጊዜ አብረው ለሚጓዙ ሁለት ሰዎችም አለ። በ45 ዓመቱ ብቻውን የሚጓዝ፣ ልጅ የሌለው ሠራተኛ ግን ከደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ውጭ ባመዛኙ ለእሱ የሚሆን ካርድ አያገኝም።

ሦስተኛው ምክር ባቡር ሲዘገይ የሚመለሰው ገንዘብ ነው። በአብዛኛው መስመር 15 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ግማሹ፣ አንድ ሰዓት ከዘገየ ሙሉው ይመለሳል። ግን በራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለብህ። ቅጽ የሚሞላ ያገኛል፤ የማይሞላ ይቀርበታል።

እነዚህ ሁሉ ለሚያውቅ ሰው ናቸው። ስልክ የማይቸግረው፣ እንግሊዝኛ የማይቸግረው፣ ጊዜ ያለው ሰው በርካሽ ይሄዳል፤ ለሌላው የሚቀረው የትኬት መስኮቱ ነው። እሱም ለጥቂት ተርፏል። በ2023 ክረምት በእንግሊዝ ያሉትን የትኬት መሸጫ መስኮቶች አብዛኛዎቹን ለመዝጋት ዕቅድ ወጣ። ከ750,000 የማያንስ የሕዝብ አስተያየት ጎረፈ፤ አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያን፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ድምፃቸውን አሰሙ፤ በጥቅምት መጨረሻ መንግሥት ዕቅዱ ይቅር አለ። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው የእህቴን ልጅ ሥራ የሚሠራ ደሞዝተኛ ነው። «እመቤቴ፣ ሃያ ደቂቃ ቢጠብቁ ይረክስልዎታል» ማሽን እስካሁን ብሎ አያውቅም።

ያላወቀ ይቀጣል

አለማወቅ ከማስወደድም ያልፋል። በእንግሊዝ ያለ ትኬት የተገኘ ሰው ቅጣቱ ከ2023 ጀምሮ 100 ፓውንድና የጉዞው ዋጋ ነው። የተሳሳተ ትኬት የያዘም ሰው ተቆጣጣሪው ፊት ያለ ትኬት እንደተሳፈረ ሊቆጠር ይችላል። በ2024 አንድ ወጣት የቅናሽ ካርዱን አሳይቶ የቆረጠው ትኬት ከትክክለኛው ዋጋ 1 ፓውንድ ከ90 ፔንስ አንሶ ተገኘ። ካርዱ በሥራ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ሲሠራ ዝቅተኛ የዋጋ ወለል እንዳለው አላወቀም። በፍርድ ቤት ሊከሰስ እንደሚችል ተነገረው። ወሬው አገሩን አዳርሶ ክሱ ቀረ፤ መንግሥትም የባቡር ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዘ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የእንግሊዝና ዌልስ ዋና የማጅስትሬት ዳኛ 74,000 ያህል የባቡር ትኬት ክሶች መጀመሪያውኑ እንዳልነበሩ ይቆጠሩ ብለው ፈረዱ። ተከሳሹ ሳይቀርብ በፖስታ ብቻ በሚያልቅ የአቋራጭ ችሎት፣ ለዚያ ዓይነት ክስ ባልተፈቀደ መንገድ ነበር የተፈረደባቸው። ሰባ አራት ሺህ ሰው የአንድ ደህና ከተማ ሕዝብ ነው። ከእነሱ መካከል ሆነ ብሎ ያታለለ አይጠፋም። መስኮት ተዘግቶበት፣ ማሽን ተበላሽቶበት፣ ደንቡ ተወሳስቦበት የተሳፈረም እንደዚሁ አይጠፋም።

ቅጠልና በረዶ

አንድ የጥቅምት ማታ በሰሜን እንግሊዝ፣ ስሟን በማልጠራት አነስተኛ ጣቢያ፣ ባቡር እየጠበቅሁ ነበር። 47 ደቂቃ ዘገየ። ድምፅ ማጉያው ይቅርታ ጠየቀ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደገመ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ማንም አልጮኸም፤ አንዱ ብቻ ለራሱ «ይኸው ነው እንግዲህ» ብሎ ኮቱን አጠበቀ። ምክንያቱ ሲነገር ከኔ በቀር የተገረመ አልነበረም፤ ሀዲዱ ላይ ቅጠል አለ ተባለ።

መጀመሪያ ስሰማው ሰበብ መስሎኝ ነበር። ሰበብ አይደለም። በመኸር የረገፈ እርጥብ ቅጠል በጎማ ፈንታ ብረት በሆነ ከባድ መንኮራኩር ሲደፈጠጥ ሀዲዱ ላይ ጥቁር ቅባት መሳይ ነገር ሆኖ ይጋገራል። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ከሩቅ ጀምሮም ፍሬን መያዝ አለበት። ያ ሽፋን ባቡሩ የት እንዳለ የሚያስታውቀውን የኤሌክትሪክ ግንኙነትም ያውካል። ስለዚህ በየዓመቱ በኃይለኛ ውሃ ሀዲድ የሚያጥቡ ልዩ ባቡሮች ሌሊቱን ሲዞሩ ያድራሉ። በየካቲት 1991 ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀ በረዶ በአየር ማስገቢያ እየገባ ሞተር ስላበላሸ፣ ጋዜጦች «የማይሆነው ዓይነት በረዶ» ብለው ተሳለቁ። ያ አባባል ዛሬም ለማንኛውም ደካማ ምክንያት መቀለጃ ነው።

ለዚያች ማታ ቅጹን ሞላሁ፤ የትኬቴ ግማሽ ተመለሰልኝ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ በቀጠሮ የጠበቀኝ ሰው ግን ሄዶ ነበር።

እሑድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሀዲድ የሚጠገነው ባመዛኙ እሑድና በበዓል ነው፤ ያኔ ባቡር ቀርቶ ምትክ አውቶቡስ ይመጣል። በፈረንጆች ገና ዕለት ደግሞ ጭራሽ ባቡር የለም። የኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ ክርስትና የሚያነሣው፣ የሚጠያየቀው እሑድ ስለሆነ፣ ከማውቃቸው ብዙዎቹ ምትክ አውቶቡሱን ከባቡሩ በላይ ያውቁታል።

ባለቤቱ ማን ነው?

«ይህን ሁሉ የሚያዝበት ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ረጅም መልስ ይጠብቀዋል። ከግል ኩባንያዎች ጀመረ፤ በ1948 መንግሥት ወረሰው። በ1963 ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ የሚባሉ ባለሥልጣን 2,363 ጣቢያ ይዘጋ የሚል ጥናት አቀረቡ፤ አብዛኛው ተፈጸመ፤ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ሀዲዳቸው የአረም መንገድ ሆነ። በ1993 በወጣ ሕግ እንደገና ወደ ግል ዞረ። ሀዲዱ ለአንዱ፣ ባቡሩ ለሌላው፣ ማስኬዱ ለሦስተኛው ተከፋፈለ። በጥቅምት 2000 ሃትፊልድ አጠገብ የተሰነጣጠቀ ሀዲድ ተሰብሮ 4 ሰው ሞተ፤ የሀዲዱ ባለቤት ኩባንያ በዓመቱ ተንኮታኮተ፤ ሀዲዱም ተመልሶ ኔትወርክ ሬይል በተባለ ተቋም እጅ ገባ።

አሁን መንኮራኩሩ ዞሮ መጥቷል። በ2024 መጨረሻ የጸደቀ ሕግ በኮንትራት የሚሠሩትን የመንገደኛ ባቡሮች ውላቸው ሲያልቅ ወደ መንግሥት ይመልሳል፤ በግንቦት 2025 የመጀመሪያው መስመር ተመለሰ። በዚያው ማለዳ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች አንዱ በጥገና ምክንያት በከፊል በምትክ አውቶቡስ መሆኑ ለቀልደኞች ሲሳይ ሆነ። ሀዲዱንና ባቡሩን አንድ የሚያደርግ ግሬት ብሪቲሽ ሬይልዌይስ የሚባል ተቋምም ታቅዷል። መንግሥት በእንግሊዝ የሚቆጣጠራቸው ዋጋዎች እስከ መጋቢት 2027 እንዳይጨምሩ ወስኗል፤ በ30 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

የባለቤት መለወጥ ብቻውን ግን የኔን ሌሊት አይለውጠውም። ከዚያ ሕግ ቀደም ብለው በመንግሥት እጅ የነበሩ ረጅም መስመሮችም ትኬት የሚሸጡት በዚያው በቀን መቁጠሪያው ነው። የሚለውጠው ውሳኔ ነው። ስኮትላንድ ባቡሯን በ2022 ወደ መንግሥት አዞረች፤ ይህ ብቻውን ዋጋውን አልነካውም። በመስከረም 2025 የጠዋትና የማታ ጭማሪውን ጨርሳ ስታነሣ ግን ማለዳ ሥራ የሚገባው ሠራተኛ ረፋድ ለሽርሽር ከሚወጣው ጋር እኩል መክፈል ጀመረ። ግላድስተን በ1844 ያደረጉትም ይህንኑ ነበር፤ ኩባንያዎቹን አልወረሱም፣ ድሃው የሚሄድበትን ዋጋ ወሰኑ እንጂ።

ለቅሶ ቤት

ሊድስ ስንደርስ ይዘንባል፤ ካፊያ ሳይሆን ደህና ዝናብ። ለአበሻ ይህች ከተማ የቆየ ሐዘን አለባት። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር 1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ያረፈው እዚሁ ሊድስ ነው፤ የተቀበረው ዊንድዘር ነው። መቅደላን የወጋው የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከዙላ የባሕር ዳርቻ ወደ ውስጥ ሀዲድ ዘርግቶ ነበር። ሕፃኑን በዚያው ወደብ በመርከብ ሲያወጡት፣ በሕይወቱ ያያት የመጀመሪያዋ ባቡር ያቺው ሳትሆን አትቀርም። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር የሄደበት መንገድ ሁሉ በሰው ቀጠሮ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። አልቅሰን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው እንደየአመጣጡ ሲጫወት ወሬው ሳይታወቅ ወደ ትኬት ዞረ። አንዱ በመኪና አምስት ሆነው ነዳጅ ተካፍለው ነው የመጡት። ሁለቱ ሌሊቱን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው የመጡት፤ ወገባቸውን ያሻሉ። የኔን ዋጋ ስነግራቸው አንዲት ሴት «ለጋሼ ያንስ ነበር» ብለው አጽናኑኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሣልስቱ ዕለት፣ አንዲት እናት ከደቡብ ጠረፍ መጡ። በስደት ዘመን ከጋሼ ጋር አብረው የተቸገሩ ናቸው። በሩ ላይ ተንበርክከው አለቀሱ። ኋላ አጠገባቸው ስቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመጀመሪያው ቀን አልቻልሁም ልጄ። ትኬቱ ረከስ ሲል መጣሁ። ጋሼ ያውቃል፤ አይቀየመኝም» አሉኝ።

እዚያው ለቅሶ ላይ የነበረው የእህቴ ልጅ ሰምቶ መጣና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ስልኩን አወጣ። «እማማ፣ አርባውን አሁኑኑ ልቁረጥልዎት፤ ገና ርካሽ ነው» አላቸው። ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። ቆረጠላቸው። ከመንገዱ መሐል ከፍሎ፣ በአረጋውያን ካርዳቸው፣ የመጡበትን ሲሶ በማይሞላ ዋጋ።

«ሰማንያውስ ልጄ፣ ይደርሳል?» አሉት።

አሰበ። ርካሹ ትኬት የሚወጣው ከ12 ሳምንት በፊት ነው፤ 84 ቀን። ከሣልስቱ እስከ ሰማንያው 77 ቀን ነው። «ይደርሳል እማማ» አላቸው፤ «ሰባት ቀን ይተርፋል።»